የመስኮቱ እጀታ በአጎቴ ኪስ

ረጅም የቤተሰብ ጉዞን አስደሳች ማድረግ ይቻላል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ሠንጠረዥ ውስጥ የማይገባ ነገር አለ ሲሉኝ አይዋጥልኝም። ስለዚህ ከኬንያዋ ሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ለምናደርገው ጉዞ አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ፤ ከላይ "ሰዓት"፣ "ቦታ"፣ "የመደሰቻው ዓይነት" ብዬ ጻፍኩ። ጎልቦ ሜዳ ላይ ግመል ቆጠራ። ከሶሎሎ እስከ ቱርቢ እንቆቅልሽ። ቱርቢ ላይ ሻይ፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ እስከ ማርሳቢት መዝሙር።

ታናሽ እህቴ ደብተሩን አገላብጣ አየችውና፣ "ቲቸር፣ ሽንታችን የሚመጣው በስንተኛው ረድፍ ነው?" አለችኝ።

እሷ ትሳቅ እንጂ ነገሩ የሳቅ አልነበረም። ኢሲዮሎ የምትኖረው ታላቅ እህታችን ከወለደች ስድስት ወር አልፏታል፤ እናቴ ግን የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ያየችው በስልክ ብቻ ነው። መኪና ያስመልሳታል። ሠላሳ ዓመት ሞያሌ ገበያ ጨርቅ የሸጠች፣ በኦሮምኛም በስዋሂሊም በአማርኛም ተከራክራ የምትረታ ሴት፣ የመኪና በር ሲዘጋባት አቅም ታጣለች። አምና ሞክራ ከማርሳቢት ተመልሳለች። አሁን እሺ ያለችውም ለምነናት ነው።

"አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ" አለች። "እንደ አምናው ከሆነ ከማርሳቢት እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ። ልጁ ሲያድግ ራሱ ይምጣ።"

ስለዚህ ዕቅዴ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ሳይንስም ነበረበት። መኪና ሰውን የሚያስመልሰው ጆሮውና ዓይኑ ስለማይስማሙ ነው። ጆሮ "እየሄድን ነው" ይላል፤ ዓይን የፊቱን ወንበር ጀርባ ብቻ ስለሚያይ "የለም፣ ቁጭ ብለናል" ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰውየው ከፊት ይቀመጥ፣ ሩቅ ይመልከት፣ ንፋስ ያግኝ። ይህን ለሾፌራችን ሁለት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ የጠየቀኝ አልነበረም።

በሠንጠረዡ ያላሰፈርኳቸው አጎቴን ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጉዞው አንድ ቀን ሲቀረው "የወንድሜን የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት?" እያሉ ከይርጋ ጨፌ ድንበሩን ተሻግረው ደረሱ። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ደጃፋችን ስትቆም እናቴ ራሷ የፊቱን በር ከፈተችላቸው።

"ጋሼ፣ ይግቡ።"

"ኧረ በፍጹም! አንቺ ግቢ።"

"እርስዎ እያሉ? እንዴት ተደርጎ!"

"እኔ ከልጆቹ ጋር እሆናለሁ አልኩሽ።"

"በሞቴ!"

"ኧረ ግድ የለም፣ ተይ" አሉ አጎቴ። ይህን የመጨረሻውን ያሉት ግን ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ካስተካከሉ በኋላ ነው።

ትንሽ ላስረዳ። በእኛ ቤት የፊት ወንበር መቀመጫ አይደለም፤ ማዕረግ ነው። ለታላቅ ይሰጣል፤ ታላቁም ሁለት ሦስቴ እምቢ ካለ በኋላ ይቀመጥበታል። እምቢታውን እውነት መስሎት የተቀበለ ሰው ለዓመት ይኮረፋል። "ጋሼ፣ እናቴን ያስመልሳታልና ይነሱላት" የሚል ወጣት በዘራችን አልተወለደም፤ ያን ቀን ጠዋት እኔም ልወለድ አልደፈርኩም።

መኪናዋ የኪራይ ናት፣ አርጅታለች። የኋላ መስኮቶቿ መከፈት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሁለቱ የፊት መስኮቶች የሚከፈቱት በአንዲት ተነቃይ እጀታ ነው። ሾፌሩ እጀታዋን ለአጎቴ በክብር አቀበላቸው። አጎቴ የራሳቸውን መስኮት ዘጉ። ከዚያ በሾፌሩ ጉልበት ላይ ተንጠራርተው የእሱንም ዘጉ። እጀታዋን ኮት ኪሳቸው ከተቱ።

"ንፋስ ይመታል" አሉ።

አጎቴ ጅብ አይፈሩም፤ ቀረጥ ሰብሳቢም አይፈሩም። በመስኮት የሚገባ ንፋስ ግን ጎረቤታቸውን ገድሏል፣ የአክስታቸውን አፍ አጣሟል። የጎልቦ ሙቀት የመኪናዋን ጣሪያ ሲያግለው እኛ በዚህ አስፈሪ ጠላት ላይ በራችንን ዘግተን ተቀመጥን።

ግመል ቆጠራው በሰዓቱ ተጀመረ። ሰባተኛው ግመል ላይ ስደርስ ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። ቦረና ነው፤ ሲቆጣም ቀስ ብሎ ነው። "ምዋሊሙ፣" አለኝ፣ በስዋሂሊ መምህር ለማለት፣ "የሰው ከብት አይቆጠርም። ደግ አይደለም።" ረድፉን ሰረዝኩት። እንቆቅልሹን አጎቴ ጠየቁ፤ አጎቴ መለሱ፤ አገር ስጡኝ ብለው ናይሮቢን የወሰዱትም አጎቴ ናቸው። ቱርቢ ላይ እናቴ ሻዩን አልነካችም። ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

ከቱርቢ በኋላ ሜዳው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ አስመለሳት። ፌስታል በእኛ አገር የተከለከለ ስለሆነ ትንሽ ባልዲ ይዤ ነበር፤ ከዕቅዴ ሁሉ በትክክል የሠራው ባልዲው ብቻ ነው።

"ርሃብ ነው" አሉ አጎቴ ዞር ሳይሉ። "በባዶ ሆድ መንገድ አይወጣም።"

"ጋሼ፣ ርሃብ አይደለም። ጆሮዋ ውስጥ ያለው ፈሳሽ..."

"ጆሮ? ጆሮማ እኔም አለኝ። መቼ አስመለሰኝ?"

"መስኮቱን ትንሽ ብንከፍተው..."

"ላብ ላይ ንፋስ? ልትገድያት ነው እንዴ?"

እናቴ አፏን ጠርጋ ቀና አለች። ድምፅዋ የገበያ ድምፅ አልነበረም። "ማርሳቢት አውርዱኝ" አለች። "ጋሼን ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን ሳሙልኝ።"

ታናሽ እህቴ አየችኝ። አልቀለደችም። ማርሳቢት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶን ነበር።

ከከተማዋ በፊት ኬላ አለ። ሁላችንም ወርደን መታወቂያ ይዘን ተሰለፍን፤ እናቴ የራሷን አሳይታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወጣቱ ፖሊስ የአጎቴን ፓስፖርት አገላብጦ መለሰላቸውና ፈገግ ብሎ፣ "ካሪቡ ኬንያ፣ ምዜ። ሳፋሪ ንጄማ" አላቸው። እንኳን ደህና መጡ አባት፣ መልካም መንገድ ማለት ነው። ከዚህ ያነሰም የበለጠም አላለም።

"ምን አለ?" አሉኝ አጎቴ።

በክፍሌ ግድግዳ ላይ "ሁልጊዜ እውነት እንናገር" የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። በሦስት ቀለም ነው የጻፍኩት።

"በኬንያ ትልቅ ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው ይላል" አልኩ። "ሚኒስትሮችም እንደዚያ ናቸው። ከፊት የሚቀመጥ አጃቢ ነው። እኚህን የመሰሉ ሰው እንዴት እንደ አጃቢ ከፊት አስቀመጣችሁ ብሎ ተቆጣን።"

አጎቴ ፖሊሱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱት። ፖሊሱም ግራ ገብቶት እጅ ነሳ።

"ያሳደገው ሰው አለ" አሉ አጎቴ። "እናንተ ግን ታውቁ ከነበረ ለምን አልነገራችሁኝም?"

ሾፌሩ ረጅም ሳል ሳለ። እህቴ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። አጎቴ ከኋላ፣ በኔና በእሷ መካከል፣ እንደ ሚኒስትር ተሰየሙ። እናቴ ከፊት ገባች፤ ቀበቶዋን አሰረች፤ ከዚያ ዞር ሳትል መዳፏን ወደ ኋላ ዘረጋች።

"ጋሼ፣ እጀታዋን።"

አጎቴ ኪሳቸውን ያዙ። ለአፍታ አፍ የሚያጣምመው ንፋስ ትዝ ያላቸው መሰለኝ። ግን ሚኒስትር መስኮት አይከፍት፣ አይዘጋ፤ ለአጃቢ ይተወዋል። አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ማርሳቢትን በተከፈተ መስኮት አለፍናት። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ እናቴን አየት አደረገ፤ በአገጯ ወደ ፊት አመለከተችው። ዕቅዴ ላይ ያልነበረ ነገር ሆነ፤ ማንም ማንንም ለማስደሰት አልሞከረም፤ እናቴ ግን ስለ መንገዱ ታወራን ጀመር። ሩቅ ያለ ተራራ ባየች ቁጥር ስሙን ሾፌሩን ትጠይቀዋለች። ላይሳሚስ ስንደርስ አጎቴ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ "ሎሚዋ የት ናት? ጆሮዬ ነው መሰለኝ" አሉኝ። ባልዲውንም አቀበልኳቸው። ማብራሪያ አልጨመርኩም፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ኢሲዮሎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። እናቴ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ወረደች። ልጁ መጀመሪያ አፈጠጠባት፣ ከዚያ አፍንጫዋን በሙሉ እጁ ጨበጠ፤ እሷም እስኪበቃው አልተነቃነቀችም።

በኋላ ጓዳ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን፣ ከልጁ ፊት ዓይኗን ሳትነቅል፣ "ያ ፖሊስ ምን ነበር ያለው?" አለችኝ።

"መልካም መንገድ።"

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ተማሪዎችሽንም እንዲህ ነው የምታስተምሪያቸው?"

ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሦስት ምክንያቶች ነበሩኝ።

"ዝም በይ፣ ልጁ ሊተኛ ነው" አለች። ከሳሎን የአጎቴ ድምፅ ይሰማል፤ የኬንያ ፖሊስ ታላቅ ሰውን እንዴት እንደሚያከብር ለእህቴ ባል እየተረኩለት ነው። እናቴ ጥቂት አዳመጠች።

"ስንመለስም አንቺው አስተርጉሚ" አለችኝ።