የኦቲልያ አስታማሚ

ኖልቤርቶ ካርካሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ታላቅ እኅቱን ኦቲልያን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ከሰለለ ወዲህ ግን ጀልባው አቻኦ ወደብ ላይ ታስሮ ቀረ። ሁለቱም ትዳር አልያዙም፤ ከእሱ ሌላ ማን አላት? ያጥባታል፣ ያለብሳታል፣ የድንች ቂጣ ይጋግርላታል፣ በዚያ ገመድ በላጠው እጁ ፀጉሯን ይጎነጉንላታል። የወደቡ ሰዎች «ሞግዚቷ፣ እንዴት አደርሽ?» እያሉ ሲያሾፉበት ስቆ ያልፋል፤ ውስጡን ግን ይከነክነው ነበር።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ወጣት ሠራተኛ መጣች። መንግሥት ቤት ውለው ቤተሰብ ለሚያስታምሙ ሰዎች በየወሩ ድጎማ እንደሚሰጥ ነገረችውና፣

«ሥራዎ ምንድን ነው ዶን ኖልቤርቶ?» አለችው።

«ሥራ የለኝም። ቤት ነው የምውለው።»

ኦቲልያ ከአልጋዋ ሆና ቃላቱን እየጎተተች፣ «ውሸታም! እኔን ማንሳት ሥራ አይደለም? አንድ ጆንያ ድንች አክላለሁ እኮ!» አለች።

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ኖልቤርቶ ግን አንገቱን ደፋ።

«የገዛ እኅቴን ስላጠብኩ ገንዘብ ልቀበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ድሮም እያለህ ነው» አለች ኦቲልያ። «በነጻ ከምትሰደብ እየተከፈለህ ተሰደብ!»

ፈረመ።

ድጎማው የሚያንደላቅቅ አልነበረም። ኖልቤርቶ ግን ከላዩ ቀንሶ ጎረቤታቸውን ክሎሪንዳን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኅቱ ዘንድ እንድትውልለት ቀጠራት። በመጀመሪያው ሐሙስ ጀልባውን ፈትቶ ወጣ። ነፋሱ ፊቱን ሲመታው ደስ ብሎት ብቻውን ዘፈነ። ብዙም ሳይርቅ ግን ሐሳብ ገባው፦ ውኃ ጠምቷት ቢሆንስ? ክሎሪንዳ አገላብጣ ማስተኛቱን ባታውቅበትስ? መረቡን ሳይጥል ጀልባውን አዞረ።

በሩ ጋ ሲደርስ ጩኸት ሰማ። ዘሎ ቢገባ ሁለቱ ሴቶች አልጋው ላይ ካርታ ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ። ኦቲልያ በደህናው እጇ ካርታዋን ጨብጣ ፊቷ በርቷል።

«ምን ረስተህ መጣህ?» አለችው።

«ምንም፤ እንዴት ዋልሽ ልበልሽ ብዬ ነው እታለም።»

«ላሸንፋት ስል መጣህብኝ! ሂድ ወደ ባሕርህ፤ ባዶ እጅህን እንዳትመለስ!»

ሄደ። የዚያን ዕለት ምሽት ይዞ የመጣውን ዓሣ ሦስቱም አብረው በሉ። ክሎሪንዳ ግን መሸነፏን እስከ ዛሬ አላመነችም።