አፍንጫዬ እስኪድን

እኔ ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ድሮም እንዲሁ ነበርኩ፤ በዚያ በአፍንጫዬ ሰሞን ግን ባሰብኝ።

ልጅ ሆኜ ነስር ሲያስቸግረኝ አንድ መድኃኒተኛ የተወቀጠ ሥር አፍንጫዬ ውስጥ ጠቀጠቀልኝ። ደሙስ ቆመ። ግን መድኃኒቱ በሁለቱ የአፍንጫዬ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ግድግዳ በልቶ በሳው። ከዚያ ወዲህ በተነፈስኩ ቁጥር አፍንጫዬ ያፏጫል። አራዳ ገበያ ፈትል ስሸጥ እነዚያ ሥራ ፈቶች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ባቡሩ ገባ! ዕቃ ያለህ ውረድ!» ይላሉ። የኔም አፍ አያርፍም፤ እስከ ሰባት ቤታቸው ድረስ አንስቼ እሰድባቸዋለሁ። ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ግን ማንን ልስደብ? ሁሉ ጸጥ ሲል የኔ ፉጨት ብቻ ይሰማል። ሹልክ ብዬ ወጥቼ ቅጥሩን እዞራለሁ።

አንድ ጠዋት ያሳደገችኝ አክስቴ «ተነሽ! በቃሽ!» ብላ እየጎተተች ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ማደንዘዣ ቀብቶ፣ ከዚያው ከአፍንጫዬ ውስጥ ስስ ሥጋ ገልጦ፣ ቀዳዳው ላይ ስቦ ሰፋው። አክስቴ እግሬን ይዛ «አይዞሽ የኔ ልጅ» ትለኝ ነበር። ሐኪሙ ሲጨርስ በአስተርጓሚው በኩል አስጠነቀቀኝ፦ «እኔ አይቼ ድኗል እስክል ድረስ እንዳትናፈጪ፣ እንዳታለቅሺ። ስፌቱ ከተበጠሰ ሁለተኛ የምሰፋበት ሥጋ የለሽም።»

«ደግሞ ምን የሚያስለቅሳት ነገር አላት!» ብላ አክስቴ ሳቀች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አክስቴ ሞተች። ታማ እንኳ አልነበረም። ምሳ በልታ ጋደም አለች፣ በዚያው ቀረች።

ወይ የኔ ጉድ! ሰው ለጎረቤት ፊቱን በሚነጭበት ሀገር፣ ያሳደገች እናት ሞታ ዝም ይባላል? እንባዬ እንዳይወርድ አንጋጥጬ የድንኳኑን ጣሪያ አያለሁ፣ በአፌ እተነፍሳለሁ፣ ያለ ድምፅ ደረቴን እደቃለሁ። ሲብስብኝ ብድግ ብዬ እስከ ድልድዩ ሄጄ እመለሳለሁ። «ፈትሏን ልትሸጥ ይሆናላ!» አለች አንዷ፣ እኔ እየሰማሁ። አልቃሿማ በግጥም ነካችኝ፤ ሟች ያሳደገችው ድንጋይ ነው አለች፣ ሴቶቹም ወደኔ እያዩ እዬዬ አሉ። ለማን ላስረዳ? «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ብል «ከአክስቷ አፍንጫዋ በለጠባት» ሊሉኝ ነው። እውነትም ነው እኮ። የአክስቴ ድካም ከንቱ እንዳይቀር ብዬ ብቻ ነው እንዳልል፣ ያንን ፉጨትም ፈርቼ ነበር። ራሴን ጠላሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላረፍኩም። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ቤት። የአክስቴን ነጠላ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ስለሚባባ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሰላምታ የነፈገኝ ጎረቤት ብዙ ነው። እኔም አፌን ከፍቼ እየተነፈስኩ አልፋቸዋለሁ።

የአርባዋ ተዝካር በሚበላበት ቀን ጠዋት፣ ሥራውን ለሴቶቹ ጥዬ ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ባሰረው መስታወት ወደ ውስጥ አብርቶ ብዙ አየ። አስተርጓሚው «ገጥሟል፤ ከእንግዲህ እንደ ልብሽ» አለኝ። አፌን ዘጋሁና በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። ፉጨት የለም። አክስቴ እንድትሰማልኝ ወደ እግሬ በኩል ዞር አልኩ፤ ማንም አልነበረም።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጨዋታው ደርቷል። እኔ መሃል ገብቼ «እናቴን!» ብዬ ጮኽኩ። የአርባ ቀኑ ለቅሶ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ አፍጥጦ ያየኝ ጀመር።

ከገጠር የመጡ፣ የማያውቁኝ አንዲት አሮጊት ተነስተው አቀፉኝና እንባዬን በነጠላቸው ጠረጉልኝ።

«ምነው ልጄ፣ መርዶው አሁን ነው እንዴ የደረሰሽ?»

«አዎን እማማ» አልኳቸው፣ «አሁን ገና።»