የይታየው ደጅ ጥናት

ይታየውን የሚያውቅ ሁሉ «ጨዋ ልጅ ነው» ይላል። እኔ ደብሪቱ፣ ሞላሌ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሻይ የምሸጠው፣ እንዲህ ያለውን ጨዋነት አልወድም።

ይታየው የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ነው። የአለቃው የአቶ አባይነህ መኪና ገና ከሩቅ ሲሰማ ብድግ ይላል፣ በሩን ይበረግዳል፣ ከወገቡ እጥፍ ይላል። አለቃ ተብዬው አንገቱን እንኳ አይነቀንቅለትም። ሹመት ሲጠብቅ እዚሁ አግዳሚዬ ላይ ተኮራምቶ የሚውል ሰው ነበር እኮ! ዛሬ ሰላምታ ከበደው።

የይታየው እናት እማማ አስካለ ማርያም ጓሳ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የቤታቸው የሣር ክዳን በስብሶ አምና ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ አልጋቸው ላይ ሲወርድ ከረመ። ዘንድሮም ሳይከደን ከቀረ አይችሉትም። የክዳኑ ሣር የሚበቅልበት ጓሳ ደግሞ የአገሩ የጋራ መሬት ነው፤ እንዳሻህ ገብተህ የምታጭድበት አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ዘግተው ያቆዩትና ሣሩ ሲደርስ ለጥቂት ቀን ይከፍቱታል። ያን ጊዜ ባለድርሻው ወይ ልጁ ማጭዱን ይዞ ካልተገኘ ቀረበት፤ ሌላ ሰው መወከል የለም። እማማ አስካለ ጉልበታቸው ዝሏል። ያላቸውም ልጅ ይኸው አንዱ ነው።

ጓሳ ሊከፈት መሆኑ ከቅዳሴ በኋላ ሲነገር፣ ይታየው አለቃውን ፈቃድ ጠየቀ። «እናየዋለን» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ጭጭ!

«ሂድና አስታውሰው እንጂ!» አልኩት።

«እንዳይከፋቸው» አለኝ። ሲያመነታ ሰንብቶ ስልኩን አወጣና መልእክት ጻፈ፤ ከመላኩ በፊትም አነበበልኝ። «ለተከበሩ ጋሼ አባይነህ፦ እንዴት ሰነበቱ? ልጆች ደኅና ናቸው? እመቤቴ ማርያም ትጠብቅዎ። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ያቺን ነገር ምናልባት ቢያስታውሱልኝ ብዬ ነው።»

«የቷን ነገር?»

«ያውቋታል።»

«ኧረ በማርያም! ጓሳ ሊከፈት ነው በለው! የእናቴ ቤት ያፈሳል በለው!»

«አንቺ ደግሞ! አለቃ እኮ ናቸው!» ብሎ እንዳለ ላከው። ሰውየው አነበበው፤ መልስ ግን የለም። ይታየው ሌላ ጻፈ፦ «ምናልባት አላዩት እንደሆነ ብዬ ነው ጋሼ፤ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ።» ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለው። ደጅ ጥናት ድሮ በእግር ነበር፤ የኛው ጉድ በስልክ አደረገው።

ጓሳ ተከፈተ። አቶ አባይነህም ከቢሮ ጠፋ። ይታየው በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል።

«ማጭድህን ይዘህ ሂድ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ሳይፈቀድልኝ? ቢያባርሩኝስ?»

ይቺን እንኳ አልፈርድበትም፤ እናቱን የሚጦረው በዚያችው ደሞዝ ነው። ግን ተናደድኩ፤ በሱም በሰውየውም።

ጓሳ በሚዘጋበት ቀን አመሻሽ ላይ አንድ አይሱዙ ሣር እስከ አፉ ጭኖ መጣ። ከጋቢናው ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? አቶ አባይነህ! ለካ በሚስቱ ወገን ድርሻ አለው፤ አማቾቹን አስከትሎ ሲያሳጭድ ነው የሰነበተው። ቢራ የሚጠጣበት ጎጆ ሊያስከድን! የቤቱ ግቢ ስለጠበበው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሊያራግፍ ነው የመጣው።

«ይታየው፣ ና አውርድ» አለው። ይታየው አወረደ። ሲጨርስ ሰውየው፣ «ያልከኝን አይቼዋለሁ፤ ከነገ ጀምሮ መሄድ ትችላለህ» አለውና አንድ ሸክም ሣር በእግሩ ገፋ አደረገለት። «ለእናትህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ!» እጥፍ አለ። የሻይ ብርጭቆውን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝ። አንድ ሸክም እንኳን ቤት የዶሮ ማደሪያም አይከድን።

በገበያ ቀን እማማ አስካለ ልጃቸው የላከላቸውን ያንኑ ሣር በጎረቤት አህያ ጭነው መጡ። አቶ አባይነህ ሲገባ ጠብቀው እግሩ ሥር ዘረገፉለት።

«ልጄን በር ላይ አስረህ ድርሻዬን አስቀረህብኝ። አሁን ደግሞ ምጽዋት ትሰጠኛለህ? እንካ ሣርህን!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰውየው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ይታየውም ሮጠ፤ ወደ እናቱ መስሎኝ ነበር። አለቃው ፊት ሄዶ አጎነበሰ።

«እርጅና ነው ጋሼ። የምትናገረውን አታውቅም። ይቅር ይበሏት።»

«ምንም አይደል ይታየው፣ ይቅር ብያታለሁ» አለ አባይነህ። አፉ እንዲህ ይፈጥናል ለካ!

እማማ አስካለ ሰምተዋል። ልጃቸውን አንዴ አዩት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው አህያዋን ወደ መንገዱ መለሱ። እያለቀስኩ ተከተልኳቸው።

«እማማ፣ ሻይ እንኳ ይቅመሱ።»

«ተዪኝ ልጄ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ልድረስ» አሉኝ።