ለውሻችን የተሠራው ዱባ

ውሻችን የሞተችው በእናቴ ዱባ ወጥ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔም የሌላ ሰው ውሻ ብትሆን እስቅ ነበር።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንደገባን ከብሎካችን ሥር ቡችላ ሆና ያገኘናት ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን ከአልጋ ያስነሳቻት እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። እኔ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቦሌ መድኃኔዓለም ወደምሠራበት ካፌ እሄዳለሁ፣ ስመለስ እግሬ አብጧል። ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ሁለቱ ነበሩ።

የቅበላ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ አጥንት ወረወረላት። ሁዳዴ ሲገባ ሆዷ ደረቀ፤ ሦስት ቀን ስታምጥ ከረመች። ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሆዷን ዳሰሰና «አልተዘጋም፣ ደርቆባት ነው» አለኝ። «ዱባ ቀቅላችሁ ባዶውን ስጧት። ምንም እንዳትጨምሩበት፣ በተለይ ሽንኩርት።»

ቤት አድርሻት ደረጃውን እየወረድኩ ለእናቴ ጮህኩላት።

«ዱባ ስጧት ብሏል!»

«ዱባ? ለውሻ?»

«አዎ እማ፣ ዱባ! ረፈደብኝ!»

እናቴ ባዶ ዱባ ቀቅሎ መስጠት አታውቅም። ለእሷ ያ መናቅ ነው። ቀይ ሽንኩርት አቁላልታ፣ ዘይት ጨምራ ወጥ ሠራችላት። እንዳያቃጥላት በርበሬውን ብቻ ተወችው፤ በምትኩ ነጭ ሽንኩርት አበዛችበት። እናቴ ዘንድ ነጭ ሽንኩርት የማያሽረው የሆድ ሕመም የለም።

በማግስቱ ውሻዋ ተጸዳዳች። «ዱባዬን አየሽው?» አለችኝ፣ ከስንት ወር በኋላ እየሳቀች። እኔ ድስቱን ከፍቼ አላየሁም። እሷም በየቀኑ ሠራችላት።

በአምስተኛው ቀን ውሻዋ መነሳት አቃታት። ድዷ ነጣ፣ ሽንቷ ጠቆረ። በባጃጅ ይዘናት ሄድን።

«ምን አበላችኋት?» አለ ሐኪሙ።

«ያዘዙልንን ዱባ ነዋ፣ ዶክተር» አለች እናቴ፤ አሠራሩንም በኩራት ዘረዘረችለት።

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «እማማ፣ ዱባው ምንም አይላትም ነበር። ሽንኩርት ግን፣ ቀዩም ነጩም፣ ደሟን ያፈርሰዋል። ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አልነገርሻቸውም እንዴ?»

«ነግሬያታለሁ» አልኩ።

አፌ ነው የቀደመኝ። እናቴ አየችኝ። ውሸታም ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ግንባሯን ያዘች እንጂ አልተቆጣችም። «ነግረሽኝ ነው?» አለች ቀስ ብላ። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሁለቴ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

ውሻዋ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ራሷን አታምንም። ምድጃውን አጥፍታ ተመልሳ ታያለች። በሩን ቆልፋ እንደገና ትገፋዋለች። ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ነግራኝ ነበር፤ እርጅና ነው፣ ረሳሁት» ትላለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው።

ባለፈው ሳምንት የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን መጣች። የድመቷ ሆድ ደርቋል። «እትዬ፣ ያ ዱባ እንዴት ነበር የሚሰጠው?»

«ደግሞ ያንቺንም ልግደልልሽ?» አለች እናቴ። «እሷን ጠይቂያት።»

«መጀመሪያ ሐኪም ይያት» አልኩ። «እሺ ካለሽ ልጣጩንና ፍሬውን አውጪ፣ በውኃ ብቻ በደንብ ቀቅይው፣ ፍጪውና አንድ የሻይ ማንኪያ ስጫት። ጨው የለ፣ ዘይት የለ፣ ሽንኩርት በጭራሽ።»

አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም። ያን ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ብናገረው ታክሲው አያመልጠኝም ነበር።

እናቴ በሩን ተደግፋ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እንዳትረሳው በቃሏ እየያዘችው።