ጄሶ እስኪደርቅ

ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ጀርባ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ወደዚያች ክፍል ታካሚ አይገባም፤ አፉ ብቻ ይገባል። ሐኪሙ ማንኪያ በሚመስል ብረት ላይ ሊጥ መሳይ ነገር ይሞላና የሰውየውን የጥርስ ልክ ወስዶ ይልከዋል። ጥርስ ሠሪዋ ደግሞ በልኩ ላይ ጄሶ ታፈስና ሲደርቅ አላቅቃ አፉን እንደነበረ ታወጣዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ በመዳፏ ይዛ ኖራለች፤ ባለቤቶቹን ግን መንገድ ላይ ብታገኛቸው አታውቃቸውም።

የጄሶው ብናኝ ከቅንድቧ ላይ አይጠፋም። ከጎኗ ተቀምጦ ያለቀውን ጥርስ የሚወለውለው ሰውዬ በዚህ የተነሣ «እመት ጄሶ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ወልዋዩ አፉ አያርፍም፤ እሷም ትስቅለታለች። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? የእሷም ጥርስ ይስቃል። ከጥርሷ ወዲያ ያለው ግን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ዝም ብሏል። የሞተባት የለም፣ የከዳት የለም። ይነጋል፣ ይመሻል፣ ደግሞ ይነጋል።

አንድ ነገር ብቻ ነበራት። የፈሰሰ ጄሶ እስኪደርቅ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል። ቶሎ ያላቀቀው ሰው ጥርሱን ሰብሮት ያርፋል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእሷ ተረት ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነበር። የቀረውን ቀኗን ልጆቿም፣ ባሏም፣ ሐኪሙም ተካፍለውታል። ይህችን አርባ ደቂቃ ግን የእኔ ናት ያለ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እሷ ወሰደቻት።

በየቀኑ ረፋድ ላይ የዕለቱን ስድስት ልኮች አንድ ላይ ታፈስና መጽሐፏን ከመሳቢያ ታወጣለች። ጄሶ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ግራ መዳፏን እሱ ላይ አድርጋ በቀኟ ገጽ ትገልጣለች። የመጽሐፉ ፊደል ደቃቅ ነው፤ ከአምስት ገጽ በላይ አትሄድም። ከዚያ በስልኳ አንድ ፎቶ ታነሣለች፤ አንዳንዴ የጎማ ሳህኗን፣ አንዳንዴ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ አፎች፣ አንድ ቀን እንኳ የወልዋዩን ቅንድብ። በቀረቻት ጊዜ ፎቶውን ብሎጓ ላይ ለጥፋ፣ ያነበበቻቸውን አምስት ገጾች በራሷ አንደበት ትተርካለች። ሦስት ወንድማማቾች አባታቸው የተወላቸውን ቤት በግድግዳ ከፍለው፣ ሳይነጋገሩ የሚኖሩበት ወፍራም ልብ ወለድ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ይከታተላታል። ከእነሱ አንዱ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ፊታቸውን አይታው አታውቅም፤ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ግን አንዲት ቃል ይጽፉላታል። «ከዚያስ?»

አንድ ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ትልቅ ካርቶን አቅፎ ገባ።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አላት። «ከእንግዲህ ጄሶ የለ፣ ሊጥ የለ፣ መጠበቅ የለ። ይህችን ካሜራ አፍ ውስጥ ዞር ዞር ማድረግ ነው፤ ምስሉ ኮምፒውተርሽ ላይ ከተፍ ይላል።»

«መጠበቅ የለም?»

«የለም! በቀን አርባ ደቂቃ ተረፈሽ ማለት እኮ ነው።»

«ምን ላድርገው?»

«ምኑን?»

«የተረፈኝን።»

ሐኪሙ ከልቡ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። «እሱን ለእኔ ተዪው» አላት።

እሷም ተወችለት። በሳምንቱ በቀን ስድስት የነበረው አፍ አሥራ አንድ ሆነ። መስኮቱ ላይ የነበሩት ነጫጭ አፎች በከረጢት ተጭነው ሄዱ።

«አይ እመት ጄሶ» አለ ወልዋዩ ባዶውን መስኮት እያየ። «ጄሶሽስ ሄደ። ቀረሽ እንግዲህ እመት ብቻ።»

ጥርሷ ሳቀ።

ቤት ለማንበብ ሞከረች። ራት ከቀረበና ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ገለጠችው። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባሏ ከሥራ ሲመለስ መጽሐፉ ፊቷ ላይ ተደፍቶ አገኛትና፣ «እኔስ አንቺ የምታነቢው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱ ነው አንቺን የሚያነብሽ» ብሎ አነሣላት። የሥራ ቦታዋ መጸዳጃ ቤት ውስጥም ሞከረች፤ ሁለት መስመር ሳትዘልቅ በሩ ተንኳኳ። ዕልባቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ «ከዚያስ?» አሉ። በሳምንቱም ደገሙ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ረዘም አድርገው ጻፉ። «ታመምሽ እንዴ ልጄ? መካከለኛው ወንድም የታላቁ በር ላይ እጁን እንዳሳረፈ ትተሽው ሄድሽ። ወይ ይክፈተው፣ ወይ ይተወው፤ የሰው እጅ እኮ ይዝላል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሊከፋት በተገባ ነበር፤ አልከፋትም። ብሎጉን ለመዝጋት ጣቷን ሰደደች። «ይህ ብሎግ ለዘለዓለም ይሰረዝ?» ሲል ስልኩ ጠየቃት። ቢሰረዝ ምንም እንደማይሰማት አወቀች። እጇን የያዛትም ይኸው ማወቋ ነበር። አንድ ጊዜ ከሰረዘችው ምንም አለመሰማቱ በብሎጉ ብቻ እንደማይቀር ገባት። ስልኩን አስቀመጠችው።

ከጠረጴዛዋ ሥር፣ ማንም ያላሰበው፣ በግማሽ የቀረ የጄሶ ከረጢት ነበር። ጎተተችው። ግን ጄሶ ብቻውን ምን ይሆናል? ልክ ያስፈልገዋል፤ ልክ ደግሞ አፍ ይፈልጋል። ሊጡን በጠበጠች፣ ብረቱን ሞላች፣ በራሷ አፍ ውስጥ ከተተችና ነከሰችው።

ወልዋዩ ዘው አለ። «እመት ጄሶ፣ ሐኪሙ የሁለት ሰዓቷን ሴትዮ ጥርስ…»

«ም።»

«ምን አልሽ?»

«ም።»

«ተጣላን?»

አንገቷን በአሉታ ነቀነቀች። ትንሽ አያትና የመወልወያ ሞተሩን አስነሥቶ ሥራውን ቀጠለ።

ጄሶውን አፈሰሰች፣ ተቀመጠች፣ መጽሐፉን አወጣች። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ መዳፏ መጣ። መካከለኛው ወንድም በሩን ገፋው። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ታላቁ ዞር ሳይል፣ «ግባና ዝጋው፣ ብርድ ይገባል» አለው። እሷ አላለቀሰችም። አምስት ገጽ አነበበች።

በማግስቱም እንዲሁ አደረገች፣ በሠልስቱም። ታዲያ በቀን አርባ ደቂቃ ከአሥራ አንድ አፍ ላይ ስትሰርቅ መቼም ሳይታወቅ አይቀርም። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ የዘገየበትን ሥራ ሊጠይቅ መጣና መስኮቱ ላይ ሁለት ነጫጭ አፎች አየ።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው? ጄሶ አቁመናል አላልኩም?»

«የአንዲት ደንበኛ ነው።»

«በማሽኑ ቢሆንላት ምን አለበት?»

«እሷ አትቸኩልም።»

አንደኛውን አነሣው። ሊቆጣ ነበር፤ ግን ሙያ ልማድ ነውና ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ቆይ፣ ቆይ… ጥርሷን ታፋጫለች። ጫፋቸው ሁሉ ተበልቷል። ይኸው፣ መንጋጋዋ ላይ ስንጥቅ አለ። አያማትም?»

«አይሰማትም።»

«እንዴት አይሰማትም! ይኼ እኮ እንቅልፍ የሚነሳ ነው።»

«እንጃ። አይሰማትም።»

«አምጪያታ።»

«ጊዜ የላትም።»

ወልዋዩ ሞተሩን አጠፋ። ሐኪሙ በእጁ ያለውን አፍ አየ፣ ከዚያ ጉንጯን አየ፤ ጉንጯ ላይ የደረቀ ሊጥ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንዲህ ያለ አፍ ክትትል ያስፈልገዋል» አለ። «በየሳምንቱ ልኩ ይወሰድ። በጄሶ። ማሽኑ እንዲህ ያለውን… አያሳይም።»

«በየቀኑ ቢሆን አይሻልም ዶክተር?» አለ ወልዋዩ። «የሴትዮዋ ሁኔታ ያሰጋል።»

«አንተ ሥራህን ሥራ! በሳምንት አንዴ። አሥራ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል እኮ።» የጄሶውን አፍ በቀስታ መልሶ አስቀመጠውና ወጣ።

እሷ ከአፎቹ አንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ፎቶ አነሣች። በሺህ የሚቆጠር የሰው አፍ አይታለች፣ የራሷን ከዚህ በፊት አላየችም። የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ለጠፈችውና በሩ እንዳልተቆለፈ፣ ታላቁ ምን እንዳለ ጻፈች። ከሥሩ «ከእንግዲህ በሳምንት አምስት ገጽ ነው» ብላ ጨመረች።

መምህሩ ስልካቸውን ይዘው ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል ወዲያው መለሱ።

«እጁ ዐረፈ፤ ተመስገን። ግን አሰላሁት፤ አራት መቶ ገጽ ነው ብለሽን ነበር፣ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ዘጠኝ ወር እኮ ልጅ ያስወልዳል! እኔ ደግሞ ሰማንያ ዓመት ሞልቶኛል። ከዚያስ?»

ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ከረጢት በእግሯ ገፋ አደረገችው። ገና ከባድ ነው። የሁለት ሰዓቷ ሴትዮ ጥርስ ዛሬም ኮምፒውተሩ ላይ ይጠብቃታል። መዳፏን የዛሬው ጄሶ ላይ አሳረፈች፤ ለብ ብሎ ነበር። በአንድ ጣቷ ጻፈችላቸው።

«ይቆዩኝ።»