ቅጠል ላመጣ የሚነገር ተረት

ልጅ ሳለሁ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ የሚለን እኛ ልጆች ብቻ ነበርን። ግራውንድ የሚኖሩት እማማ ብርቄ በራቸው ላይ ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ በሻማውና በፍሙ ብርሃን ደግሞ ተረት ይነግሩናል። ታዲያ ተረቱ እንዲሁ አይገኝም ነበር። ከመካከላችን አንዱ ከግንብ ሥር ወይም ከእግረኛ መንገዱ ስንጥቅ የበቀለ ነገር ቀጥፎ ማምጣት ነበረበት፤ ለመጣው ቅጠል ተረት ይወጣለታል። ሳማ ለምን እንደሚለበልብ የሰማነው ከእሳቸው ነው። ጭጎጎት ያገኘውን ልብስ ሁሉ የሚይዘው ልጅ ሳለ እናቱ ገበያ ላይ ጥላው ስለሄደች ነው ብለውን፣ አንድ ሰሞን ከቀሚሴ ላይ ማራገፉ ያሳዝነኝ ነበር።

እኔ ያኔ ሰው ፊት አፌ የሚተሳሰር ልጅ ነበርኩ፤ ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ የምትመልስልኝ እናቴ ነበረች። ሁሉም ዞሮ ያየኛል ብዬ ስለምፈራ ቅጠል አምጥቼ አላውቅም።

አንድ ክረምት ግቢው ሲጸዳ በየስንጥቁ የበቀለው ሁሉ ተነቀለ። ማታ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን መጡ። እኔ ግን ከውኃ ሮቶው ጀርባ፣ በሕንፃውና በሲሚንቶው መሃል፣ አንድ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ነገር ተርፎ አይቼ ስለነበር ሮጬ ቀጥፌ አመጣሁ። ተረቱ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው እንጂ ድፍረቱ ኖሮኝ አይደለም።

እማማ ብርቄ ወደ ሻማው አስጠግተው አገላበጡት፤ አሸተቱት።

«ይሄንን እንኳ አላውቀውም» አሉ። «የበቀለበትን ያየሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪን።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሄኖክ ሊሄድ ቁጢጥ ብሏል፤ ዝም ብል ምሽቱ እዚያው ማለቁ ነው። እንደምንም ጀመርኩ። ይህ ቅጠል ድሮ የራሱ ሜዳ ነበረው አልኩ፤ ሕንፃው መጣና ሳያየው ተቀመጠበት፤ ቅጠሉም ከሥር ሆኖ፣ ታክሲ ውስጥ እንደሚባለው፣ እባክህ ትንሽ ጠጋ በልልኝ አለው፤ ሕንፃውም ደንግጦ ጠጋ አለ፤ ስንጥቁ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ስደርስ መብራት መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን እየጮህን ወደየቴሌቪዥናችን እንበታተን ነበር። ያን ማታ ማንም አልተነሳም። ሄኖክ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

ዛሬ ያ ቅጠል ቱልት እንደሚባል፣ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀውም አውቃለሁ። እማማ ብርቄም ገጠር ነው ያደጉት። መንገድ ዳር ባየሁት ቁጥር ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። የሄኖክን ጥያቄ መልስ ግን ያኔ በእውነት አላውቀውም ነበር፤ አፌን ከፈትኩና እየተናገርኩ አገኘሁት።