ሌሲዬሊ ያልበላችው ራት

ሌሲዬሊ ደክሟታል። ያደከማት ስኳር በሽታው ብቻ አይደለም፤ በየጠዋቱ እንደ ሌባ መጠየቁ ነው። የቫቫኡ ደሴት ሰው ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይጸልያል። እሷም ከጸሎት ስትመለስ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ጣቷን ወግታ ትለካለች። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይጠብቃታል። ባሏ ፋታይ መነጽሩን አድርጎ መጀመሪያ መለኪያውን፣ ቀጥሎ እሷን ያያል።

ራት ከተወች ሰነባብታለች። ቤተሰቡ ታሮ የሚሉትን ጎደሬ በኮኮናት ወተት ሲበላ እሷ ባዶ ሆዷን ትተኛለች። ቁጥሩ ግን ወይ ፍንክች! ፋታይ ተደብቃ ትበላለች ብሎ የተረፈውን ዳቦ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍ ጀመር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ወንድሙ በዚሁ በሽታ እግሩን ስለተቆረጠ ፈርቶ ነው። ቢሆንም ዘበኛ የሆነ ባል ለማንም አይመኙም።

«እንግዲያው በእንቅልፍሽ ነው የምትበዪው» አላት አንድ ቀን፣ ነገሩ ግራ ሲገባው።

ስቃ አለፈችው። እያደር ግን አሰበችበት፤ ረሃብ ሰውን ምን የማያደርገው ነገር አለ? በመጨረሻም አመነችው። በጎህ ጸሎት ላይ፣ ሰው እየተነሣ ኃጢአቱን በሚናገርበት ሰዓት ተነሥታ፣ በሆዴ ተሸንፌአለሁ፣ ባሌንም ዋሽቻለሁ አለች። ጉባኤው አለቀሰላት፣ ዘመረላት፤ ሴቶቹም እያቀፉ ይቅር አሏት። ቤቷ ገብታ ስትለካ ቁጥሩ ያው ነበር።

ነርሷ ሴሉ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ፋታይ ክሱን ዘረዘረላት። ሴሉ በትዕግሥት ሰምታ አስረዳቻቸው። ሊነጋ ሲል ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ለቀኑ ብሎ ይለቃል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደም ውስጥ ደግሞ ያ ስኳር ተከማችቶ ይቀራል። በረሃብ ማደር አያስቆመውም፤ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው እንዲያውም አደጋ አለው። በጊዜ ቀለል ያለ ራት፣ ከዚያ ትንሽ እርምጃ ይሻላል፤ የመድኃኒቱን ነገር ከሐኪሙ ጋር እናያለን አለች።

«ታዲያ ሌሊት አልበላሁም?» አለች ሌሲዬሊ።

«አልበሉም፣ እማማ። የገዛ ሰውነትዎ ነው።»

ፋታይ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

«ያንተስ ይሁን፣ ፈርተህ ነው» አለችው። «እኔ ግን እግዜር ፊት ቆሜ በራሴ ላይ በሐሰት መሰከርኩ።»